መልስ፦ እናቴ ቤት ያገኘኋቸው የልጅነት መጫወቻ መኪኖች የመቼ ናቸው? እንዴትስ ላጽዳቸው?

ገልብጠህ ሆዳቸውን አንብብ። «ሌስኒ» እና «ኢንግላንድ» የሚል ከተጻፈበት ማችቦክስ የሚባለው የድሮ የእንግሊዝ መጫወቻ መኪና ነው። አምራቹ ሌስኒ የከሰረው በ1982 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ መኪናዋ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት።

ሆት ዊልስ የሚባለው የአሜሪካ መጫወቻ መኪና ከሆነ ግን ከሥሩ ያለው ዓመት እንዳያሳስትህ። ሞዴሉ የተመዘገበበት ዓመት እንጂ የግድ ያቺ መኪና የተሠራችበት አይደለም።

አቧራውን በትንሹ በረጠበ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጥረግና ወዲያው አድርቅ። በፍጹም እንዳትዘፈዝፋቸው! እኔ የእሳት አደጋ መኪናዬን በሳሙና ውሃ አሳድሬ፣ ጠዋት ስነሳ የበሩ ተለጣፊ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ውስጥ የቀረው እርጥበት ደግሞ ቆይቶ ጎማዎቹን የሚያያይዘውን ሽቦ አዛገው። እስካሁን ይቆጨኛል።

የተላጠውንም ቀለም ተወው፣ አትቀባው። በረንዳው ላይ ስትነዳት የላጥካት አንተ ነህ።