ስለ ጎልፍ ዱላ አያያዝ ለጠየቅከው፦ ቦርሳህን ሳትከፍት ከኤርፖርት አትውጣ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። አዲስ የጎልፍ ዱላ ስብስብ ገዝተሃል። ለጥቂት ወራት ሳትጫወት ልታስቀምጠው ነው፣ ከዚያ ይዘኸው ልትበር ነው። «ጠንካራውን ሳጥን ልግዛ ወይስ ለስላሳው ቦርሳ ይበቃል?» ብለሃል። ሌሎቹ ስለ ሳሙናና ስለ ብሩሽ በደንብ ስለመለሱልህ እሱን አልደግምም። እኔ የምነግርህ ኪስ የሚጎዳውን ነው። ድራይቨርህ (ኳሱን በጣም ሩቅ የሚልከው ረጅሙ ዱላ) ግራፋይት ሻፍት፣ ማለትም ከካርቦን ክር የተሠራ ዘንግ እንዳለው ቆጥሬ ነው የምጽፈው፤ አሁን አዲስ የሚሸጠው ድራይቨር ሁሉ ማለት ይቻላል እንደዚያ ነው።

1. ከሙቀት አርቀው። ለወራት መኪና ውስጥ ልተወው ብለህ እንዳታስብ። የአይረንና የዌጅ (የብረት ጭንቅላት ያላቸው አጠር ያሉ ዱላዎች) ጭንቅላት ሻፍቱ ላይ የሚቆመው በኢፖክሲ ማጣበቂያ ነው። ዱላ የሚጠግን ባለሙያ ጭንቅላቱን መንቀል ሲፈልግ ምን ያደርጋል? ያሞቀዋል። ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ደግሞ ማጣበቂያውን ቀስ በቀስ ያደክመዋል። ሻፍቱ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ አንዲት ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት አለች። እሷን ተመልከት። ወደ ላይ ተንሸራታ ከሥሯ ክፍተት ከታየህ ሳታስመረምር በዚያ ዱላ እንዳትመታ። የሚወነጨፍ ጭንቅላት ሰው ይጎዳል። የግሪፑ (የእጀታው) ጎማም በሙቀት ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ እጅ ላይ መንሸራተት ይጀምራል።

2. ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ብዙ ሰው ዱላዎቹን ያደርቅና ኮፍያዎቹን፣ የዱላ ጭንቅላት መሸፈኛዎቹን፣ ይረሳል። እርጥብ ኮፍያ የተደረገበት ዱላ ውሃ ውስጥ እንደተቀመጠ ቁጠረው። ከዝናብ በኋላ ሁሉንም አውልቅ፣ ዱላዎቹን ከቦርሳው አውጣ፣ የቦርሳውንም አፍ ከፍተህ አናፍሰው፤ ውሃ የሚጠራቀመው ታች፣ ግሪፖቹ የሚያርፉበት ቦታ ነው። ቦርሳውን ባዶ የሲሚንቶ ወለል ላይ አታቁመው፣ ሥሩ ጣውላ አድርግለት። ስታጥብም ጭንቅላቱን ከዚያች ጥቁር ቀለበት በላይ ውሃ ውስጥ አትንከር፤ ወደ ብረት ሻፍት ውስጥ የገባ ውሃ የሚያዝገው ከውስጥ ስለሆነ አይታይህም። ክሮም ያልተቀባ ጥሬ ዌጅ ካለህ ዝገቱ የሚጠበቅ ነው፤ ከማስቀመጥህ በፊት ስስ ዘይት በጨርቅ አድርገህ አብሰው።

3. ዱላዎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ አድርግ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚንቀው ይሄን ነው። ዱላ ኳስ በመምታት ያን ያህል አይጎዳም፣ ለዚያ ነው የተሠራው። የሚጎዳው በእግርህ ስትሄድ ቦርሳው ውስጥ በሚሰማው ኳኳታ ነው። በተለይ የተቀጠቀጠ ለስላሳ ካርቦን ብረት አይረን ከሆነ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እየወጋ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርገዋል። ግራፋይት ሻፍት ደግሞ ሁለት ጠላት አለው፦ የአይረኖቹ ጭንቅላትና የቦርሳው አፍ ጠርዝ። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ እየፈተገ መጀመሪያ ቀለሙን ይበላል፣ ቀጥሎ ካርቦኑን። ካርቦኑ ከተበላ ሻፍቱ ደክሟል ማለት ነው።

ስለዚህ ለድራይቨርና ለዉዶቹ (ድራይቨር የሚመስሉ፣ ጭንቅላታቸው አነስ ያለ ረጃጅም ዱላዎች) አንገተ ረጅም ኮፍያ ግዛ፤ ጭንቅላቱን ብቻ የሚሸፍነው አጭሩ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። ረጃጅሞቹን ዱላዎች ቦርሳውን ስትሸከም ጀርባህ በኩል በሚሆነው ክፍል፣ አጫጭሮቹን በፊተኛው ክፍል አድርግ። ትልቅ ፎጣ በአይረኖቹ መሃል እጥፍ ዘርጋ አድርገህ ጠቅጥቀው። ፓተር፣ ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የምታንከባልልበት ዱላ፣ ብቻውን ይቀመጥ። ዱላ ወደ ቦርሳ ስትመልስ ከላይ አትልቀቀው፣ እጅህ እስከ ታች ይሸኘው። ቦርሳውን ጋሪ ላይ ስታስር የላይኛው ማሰሪያ ሻፍቶቹን ጨምድዶ እንዳይዝ ተመልከት፤ መታሰር ያለበት የቦርሳው አካል ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ስለማደርግ አብረውኝ የሚጫወቱት «ይሄ ሰውዬ ዱላ ነው የሚያሳድገው» ይሉኛል። ይበሉ። የእነሱ ዌጅ ጀርባው ተበሳስቷል፣ የእኔ ዛሬም ልስልስ ያለ ነው።

4. አሁን ወደ በረራው። ለጥያቄህ ቀጥተኛ መልስ፦ ጠንካራ ሳጥን ከመጨፍለቅ ያድናል፣ ግን ከባድ ነው፣ ትንሽ መኪና ውስጥም አይገባም። ውስጡን በልብስ ካልሞላኸው ደግሞ ዱላዎቹ እዚያው ሲላጉ ይደርሳሉ። ጥሩ ለስላሳ ቦርሳ ከመደገፊያ ዘንግ (ቦርሳው ውስጥ ከዱላዎቹ ጋር የሚቆም ዘንግ) ጋር ይበቃሃል ባይ ነኝ። ዱላ በጉዞ ላይ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ቦርሳው ቆሞ ሳለ በጭንቅላቱ በኩል ሲደፋ ነው። ዘንጉ ከዱላዎቹ ሁሉ ረዝሞ ከቆመ ምቱን የሚቀበለው እሱ ነው። ድራይቨር ብዙ ጊዜ 45 ወይም 46 ኢንች ነው፣ ይህም ወደ 115 ሴንቲሜትር አካባቢ። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት የራስህን ድራይቨር ለካ፤ ዘንጉ ከእሱ ጥቂት ሴንቲሜትር መብለጥ አለበት። እኩል የሆነ ዘንግ አይጠቅምህም።

የድራይቨርህ ጭንቅላት በቁልፍ የሚፈታ ከሆነ ፍታው። ኮፍያውን አልብሰህ ልብስ መሃል ቅበረው። ጫፉ ላይ ክብደት የሌለው ሻፍት ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። ቁልፉን እዚያው ቦርሳ ኪስ ውስጥ ክተት፤ ቤት ረስተውት ሄደው ያለ ድራይቨር የተጫወቱ ሰዎች አውቃለሁ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቁመው፤ የሚቀጥለውን በተርታ መናገር አልችልም።

አንድ ጊዜ ለውድድር ስጓዝ ቦርሳዬን ሚዛን ላይ እንዳስቀመጥኩ ሠራተኛው አንዲት ወረቀት አወጣና «እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ። ጽሑፏ ደቃቅ ነው። ቦርሳው ለስላሳ ስለሆነ ለሚደርስበት ጉዳት አየር መንገዱ ኃላፊነት አይወስድም ትላለች። ካልፈረምክ ቦርሳው አይሄድም። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ፈረምኩ። አንተንም ሊያስፈርሙህ ይችላሉ፣ አትደንግጥ።

ስደርስ ቦርሳው የትልልቅ ዕቃዎች በር ጋ ተጋድሞ አገኘሁት። እዚያው ዚፑን ከፈትኩ። ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው። የድራይቨሩ ጭንቅላት ልብስ ውስጥ ደህና ነው። 3 ዉዱ ግን ከአንገቱ ከፍ ብሎ ተቀንጥሷል። ጭንቅላቱ ኮፍያው ውስጥ እንዳለ ተንጠልጥሏል። የግራፋይቱ ክሮች እንደ እሾህ ተፈልቅቀው ወጥተዋል፣ ስነካው ጣቴን ወጋኝ። የብረቱ መደገፊያ ዘንግ ራሱ ቆልመም ብሏል። እንግዲህ ዘንግ የሚያጎብጥ ነገር ምን እንደሆነ አስበው። የሆነ ከባድ ነገር ላዩ ላይ ተጭኖበታል።

ወደ ሻንጣ ቅሬታ መስኮት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ዱላውን እንኳ አላየችውም። የቦርሳውን ታግ ገለበጠችና ፊርማዬን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «ለስላሳ ቦርሳ ነው፣ ፈርመሃል» አለችኝ። ሪፖርት ክፈቺልኝ አልኳት። «ሲስተሙ አይቀበልም።» ኃላፊሽን ጥሪልኝ። «ኃላፊ የለም።» እሺ፣ ሪፖርት አንከፍትም ያላችሁትን በጽሑፍ ስጪኝ፣ ስምሽንም አስፍሪበት አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ወደ ውስጥ ገባች። ሲስተሙም ተቀበለ። ቁጥር ያለው ሪፖርት እየሰጠችኝ «ግን ምንም አታገኝም» አለች። ይህች ንግግሯ እስካሁን ታንገበግበኛለች። መክፈል አለመክፈል የእሷ ውሳኔ አይደለም። የእሷ ሥራ መመዝገብ ነው። ስንቱን ሰው በዚህ ቃል ብቻ አሰናብታው ይሆን?

አሁን የምነግርህን ልብ በል። ከአገር ወደ አገር በሚደረግ በረራ ላይ የሻንጣን ጉዳይ የሚገዛው በአብዛኛው የ1999 (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት ነው። አንቀጽ 17 ያስረከብከው ሻንጣ በአየር መንገዱ እጅ እያለ ከተጎዳ ተጠያቂው አየር መንገዱ ነው ይላል። አንቀጽ 26 ደግሞ አጓጓዡን ከዚህ ኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ ወይም ጣሪያውን ዝቅ የሚያደርግ ማንኛውም የውል ቃል ዋጋ የለውም ይላል። ያቺ ያስፈረሙኝ ወረቀት በዚህ ፊት አትቆምም። የሚቀራቸው ዋና መውጫ ጉዳቱ የመጣው ከዕቃው ከራሱ ጉድለት ወይም ከአንተ ጥፋት ነው ማለት ነው። «አስተሻሸግህ ጥሩ አልነበረም» የሚሉህም ለዚህ ነው።

እኔንም እንደዚያው አሉኝ። የመጀመሪያው መልሳቸው ፊርማህ አለ የሚል ነበር። አንቀጽ 26ን ጠቅሼ መለስኩላቸው። ቀጥለው ወደ አስተሻሸጉ ዞሩ። ከመነሳቴ በፊት ቦርሳውን ከፍቼ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ላክሁ፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ፎጣው ተጠቅጥቋል፣ ኮፍያዎቹ አሉ። የጎበጠውን ዘንግ ፎቶም ጨመርኩ። ዱላ የሚጠግን ባለሙያ ስብራቱ ከውጭ በመጣ ጫና መሆኑንና ሻፍቱ መቀየር እንዳለበት ጽፎ ፈረመልኝ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። የሻፍቱንም የጥገናውንም ከፈሉ። ያቺ «ምንም አታገኝም» ያለችው ሴት ብታየው ደስ ባለኝ ነበር።

ተቃራኒውን ደግሞ እይ። አብሮኝ የሚጫወት አንድ ወዳጄ ከጉዞ መጣና ደክሞት ቦርሳውን እንደታሰረ ጥግ ላይ አቆመው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊጫወት ሲከፍተው ድራይቨሩ ለሁለት ተሰብሯል። ማንም አላናገረውም። በስምምነቱ አንቀጽ 31 የተጎዳ ሻንጣ ቅሬታ በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ሻንጣውን ከተቀበልክ በ7 ቀን ውስጥ ነው። ዝም ብለህ ከተቀበልክ ደግሞ በደህና ሁኔታ እንደተረከብክ ይቆጠራል። ከእኔ ድራይቨር የእሱ ይበልጥ ውድ ነበር፣ ያሳዝናል። ለዚህ ነው ርዕሱ ላይ ያስቀመጥኩት።

ጣሪያውንም እወቅ። ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ለሻንጣ የሚከፈለው ከፍተኛው መጠን ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው፣ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ገንዘብህ ይቀየራል። ስብስብህ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ከሆነ ሻንጣውን ስታስረክብ የዋጋ መግለጫ አስመዝግብ፤ ተጨማሪ ሊያስከፍሉህ ይችላሉ፣ ጣሪያው ግን ወደ ተመዘገበው ዋጋ ከፍ ይላል። ይህን ማድረግ የሚቻለው ሻንጣውን በምታስረክብበት ሰዓት ነው። ጉዞህ የአገር ውስጥ በረራ ብቻ ከሆነ ስምምነቱ በአብዛኛው አይደርስበትም፣ የአየር መንገዱን የራሱን ደንብ አስቀድመህ አንብብ። የዱላዎቹን የግዢ ደረሰኝም አሁኑኑ ስልክህ ላይ አስቀምጥ፣ የቴርማል ወረቀት ቀለም ይጠፋል።

ሌላው፣ አንድ ዱላ ተሰብሮ ካገኘህ የቀሩትን ደህና ናቸው ብለህ አትመን። ብረት ሻፍት ሲጎዳ ይጎብጣል፣ በዓይን ታየዋለህ። ግራፋይት ግን ውስጡ ተሰንጥቆም ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል፣ ከዚያ ስትመታ እጅህ ላይ ይሰበራል። ሆቴልህ ስትደርስ ጥጥ ውሰድና እያንዳንዱን ሻፍት ከግሪፑ እስከ ጭንቅላቱ አሽከርክረህ ጥረግበት። ጥጡ የተያዘበት ቦታ ላይ ክር ተነሥቷል ማለት ነው። ከዚያ ጭንቅላቱን በአንድ እጅ፣ ግሪፑን በሌላው ይዘህ ለስለስ አድርገህ ጠምዝዘው፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማህ በዚያ ዱላ አትጫወት። አዲስ ስንጥቅ ካገኘህ ፎቶ አንሣና 7ቱ ቀን ሳያልፍ በዚያው በሪፖርት ቁጥርህ ጽፈህ አስጨምር። ስልክ ደውለህ የነገርከው አይቆጠርም፣ በኢሜይል ይሁን።