እጄ የእኔ አልመስል አለኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም። አንዷ ከአራት ኪሎ፣ አንዷ ከፒያሳ፣ አንዱ ከካዛንቺስ ነው የጻፈው። ሁሉም የሚያወሩት ግን ሰው ከገዛ ራሱ ስለሚነጠልበት ሁኔታ ነው። ባለሙያዎች ዲሶሲዬሽን ይሉታል። እኔ እዚህ መነጠል እለዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ሲደበደብ ወይም ሲደፈር ሮጦ ማምለጥ አይችልም። ሰውነቱ እዚያው ሲቀር አእምሮው ያመልጣል። ስሜቱን ከትዝታው፣ ትዝታውን ከአካሉ ለያይቶ ያስቀምጣል። በዚያች ሰዓት ይህ ያድናል። ችግር የሚሆነው አደጋው ካለፈ ከስንት ዓመት በኋላም አልለቅ ሲል ነው።

«24 ዓመቴ ነው። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጄን ሳየው የእኔ አልመስል ይለኛል። የሰው ድምፅ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። መንገዱ ሁሉ ከመስታወት ጀርባ ያለ ፊልም ይመስላል። ልጅ ሆኜ ቤታችን ዱላና ስድብ አይጠፋም ነበር። ላብድ ነው?» (ከአራት ኪሎ)

አይደለም እህቴ። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። «የእኔ አልመስል ይለኛል» አልሽ እንጂ «የእኔ አይደለም» አላልሽም። እጁ ያንቺ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የጠፋብሽ ስሜቱ ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሰው ከራሱ አካልና ስሜት ሲርቅ ዲፐርሶናላይዜሽን ይባላል። በዙሪያው ያለው ነገር ሕልም ሕልም ሲለው ደግሞ ዲሪያላይዜሽን ነው። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው ያጋጥመዋል፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ሐዘን የደረሰበት፣ ክፉኛ የደነገጠ ሰው ያውቀዋል። እየተመላለሰ ኑሮን የሚያውከው ግን ከመቶ ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በአሥራዎቹ ዕድሜ ይጀምራል። ደግሞ ዱላው ብቻ እንዳይመስልሽ። በልጅነት መሰደብና መናቅም ከዚህ ችግር ጋር በጣም ይያያዛል።

ታክሲ ውስጥ ሲመጣብሽ «እውነት ነው? አይደለም?» እያልሽ እጅሽን ደጋግመሽ አትመርምሪ። ያባብሰዋል። እግርሽን ከወለሉ ጋር ጫን አድርጊው። ረዳቱ የሚጠራውን ፌርማታ አብረሽ በልብሽ ጥሪ። መሐረብሽ ውስጥ ትንሽ ጤና አዳም ቋጥረሽ ያዢና አሽትቺው፤ ጠንከር ያለ ሽታ ቶሎ ወደ አሁን ይመልሳል። እንቅልፍሽን ጠብቂ። ሐሺሽ የሚባል ነገር አጠገቡ አትድረሺ፤ ይህንኑ ችግር ይቀሰቅሳል።

«ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ድንገት ድምፅዋ ይለወጥና ሌላ ስም ትጠራለች። ሲለቃት ምንም አታስታውስም። ጸበል ወስጃታለሁ። ጎረቤት ዛር ነው ይለኛል፣ ወንድሟ የሚጥል በሽታ ነው ይላል። ማንን ልስማ?» (ከፒያሳ)

እናቴ፣ መጀመሪያ ልጅዎን በነርቭ ሐኪም ያስመርምሩ። የሚጥል በሽታ ሁሉ መሬት ላይ አይጥልም። ሰውን አፍዝዞ ትርጉም የለሽ ነገር የሚያናግርና የሚያስረሳም አለ። ብዙ ጊዜ ግን በደቂቃ ወይም በሁለት ደቂቃ ያበቃል። በሌላ ስም ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ማውራት የእሱ ጠባይ አይደለም። ቢሆንም መለየት ያለበት ሐኪሙ ነው፤ የአንጎል ሞገድ ምርመራ ሊያዝላት ይችላል። ሲመጣባት በስልክ ከቀረጹት ለሐኪሙ ብቻ ያሳዩ። ለዘመድ አይላኩት።

ምርመራው ነጻ ካላት፣ ከባዱን የመነጠል ዓይነት ማሰብ ይገባል። ድሮ የብዙ ማንነት ችግር ይባል ነበር፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. ስሙን የመነጠል ማንነት ችግር ብሎ ቀየረው። ለምን? አንድ ሰው ውስጥ ብዙ ሰዎች ስላሉ አይደለም። የአንዱ ሰው ማንነት ገና በልጅነት፣ ሳይገጣጠም፣ በተደጋጋሚ በደረሰበት ጉዳት ተከፋፍሎ ስለቀረ ነው።

ስለ ዛሩም ልንገርዎት። ሐኪሞች ይህን አይተው አይስቁም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ፣ ሌላ መንፈስ ያዘኝ ለሚል ሰው የራሱ ክፍል አለው። በእምነት ሥርዓት ውስጥ፣ ሰውየውን ሳያስጨንቅ የሚሆነውን ግን በሽታ አይለውም። የልጅዎ ሳትፈልገው ይመጣል፣ ያስጨንቃታል፣ ቀኗን ይሰርቃታል። ስለዚህ እርዳታ ያስፈልጋታል።

ጸበሉ ሰላም ከሰጣት ይቀጥሉ። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ ደግሞ ለጸበል ብላ አታቋርጥ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ማንም እንዳያስራት፣ ማንም እንዳይመታት። ቁስሏ የመጣው በጉልበት ከተያዘችበት ቀን ከሆነ፣ ገመዱ ያንኑ ቀን ይመልስባታል። ሌላ ስም ስትጠራ ከዚያ ስም ጋር አይከራከሩ፣ «ምን ትፈልጋለህ?» እያሉም አይደራደሩ። ረጋ ብለው «ቤትሽ ነሽ፣ እናትሽ አጠገብሽ ነኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው» ይበሏት።

ብቻችሁን ስትሆኑ ደግሞ በቤት፣ በጎረቤት፣ በዘመድ የምትፈራው ሰው ካለ ይጠይቋት። ከነገረችዎት ይመኗት።

«ባለቤቴ አረብ አገር ሰው ቤት ሦስት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። አንዱን ዓመት ጭራሽ አታስታውሰውም። በር በኃይል ሲዘጋ ደርቃ ትቀራለች። ይውጣላት ብዬ ማታ ማታ እጠይቃታለሁ፤ እየባሰባት ነው።» (ከካዛንቺስ)

ወንድሜ፣ መጠየቁን ዛሬውኑ አቁም። ከክፋት እንዳላደረግከው አውቃለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

የምክር ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ፈቅዳልኝ፣ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ነገር ቀይሬ ነው የምጽፈው። አንዲት ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ሻይ ይዛለች። ገና በሁለተኛው ቀን «እስኪ ያን ቀን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት። ኮሪደሩን የሚያጸዱት እናት በረኪና አፍስሰው ኖሮ ሽታው በበሩ ሥር ገባ። ሴትዮዋ መሃል ላይ ዝም አለች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። ብርጭቆው ቀስ እያለ ዘመመና ትኩሱ ሻይ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። አልተንቀሳቀሰችም። ጭኗ ሲቃጠል አልተሰማትም። ስትመለስ «የት ነኝ?» ነበር ያለችው። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ አልመጣችም።

ያጠፋሁት ቅደም ተከተሉን ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒየር ዣኔ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የደረሰበት ነገር እስከ ዛሬ የሕክምናው መሠረት ነው። መጀመሪያ ሰውየው ይረጋጋ፤ እንቅልፍ፣ ደህና ቤት፣ ሲነጠል ራሱን ወደ አሁን የመመለስ ልምድ ያግኝ። ትዝታው የሚነካው ቀጥሎ ነው፤ እሱም በትንሽ በትንሹ፣ ከሠለጠነ ሰው ጋር። በመጨረሻ የተበታተነው ይሰበሰባል፣ ኑሮ ይጀመራል። አንተ በሁለተኛው ጀመርክ። የጠፋውን ዓመት በግድ መቆፈር ሌላም መዘዝ አለው፤ ያልነበረ ነገር እንደነበረ ሆኖ ሊቀረጽ ይችላል።

ስትደርቅ አትያዛት፣ ከኋላዋም አትምጣ። ፊት ለፊቷ ራቅ ብለህ ቁጭ በል። መብራት አብራ። ስሟን ጥራና «ካዛንቺስ ቤታችን ነን፣ በሩን የዘጋው ነፋስ ነው» በላት። ስትመለስ ውሃ ስጣት፤ ምን ታየሽ አትበላት። ደህና በሆነች ቀን የትኛው ሽታ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚወስዳት፣ የትኛው እንደሚመልሳት ጠይቃት። አንዷን የቡና ሽታ ይመልሳታል። ሌላዋ ያንኑ ቡና ለአሠሪዎቿ ስታፈላ ኖራ ይሆናል። የበሩንም መዝጊያ ጨርቅ ጠቅልልበት፤ እንዳይጮህ።

«ለዚህ ክኒን የለውም?»

ለመነጠል ብቻ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም። አብሮት ለሚመጣ ድብርት፣ ጭንቀትና ቅዠት ግን መድኃኒት አለ፤ ይረዳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ክኒን እየገዛችሁ አትዋጡ። ሱስ ያስይዛል፤ አንዳንዱን ሰውም ይብስ ያደነዝዘዋል። ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፤ ከባድ ለሆነበት ሰው ዓመታት ይወስዳል።

«አማኑኤል ከሄድኩ እብድ ተባልኩ ማለት ነው። ሌላ የት ልሂድ?»

አማኑኤል ታክመው በዚያው ቀን ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ብዙ ሰዎች አሉ። ስሙ ከከበደህ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከሰፈርህ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈህ ሂድ። ራስህን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብህ ግን ወረፋና ሪፈር አትጠብቅ፤ የምታምነውን ሰው ይዘህ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ግባ። ከዚህ ችግር ጋር ያ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

ከቀጠሮህ በፊት ሁለት ሳምንት በትንሽ ደብተር መዝግብ። መቼ መጣብህ? ከዚያ በፊት ምን ሰማህ፣ ምን ሸተተህ? ስንት ሰዓት ተኛህ? ምን ጠጣህ፣ ምን ቃምክ? ጭንቅላትህን ተመተህ ታውቃለህ? ሐኪሙ ሳይጠይቅህ «ሰዓት ይጠፋብኛል» በለው። እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴን አመመኝ ብቻ ካልከው በዚያው መድኃኒት ይዘህ ትመለሳለህ። በአፍህ መናገር ካቃተህ ደብተሩን ስጠው።