ፈንክሽን ከመጻፋችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ተቀምጣችሁ ፕሮግራም ለምትጽፉ፣ ከመንዝም ከአንኮበርም መጥታችሁ ኮድ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ኮዳችሁን ስታሳዩኝ ሁለት ዓይነት ነገር አያለሁ። አንዱ ከላይ እስከ ታች አንድም ፈንክሽን፣ ማለትም ስም ተሰጥቶት በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል፣ የለውም። ሌላው በሁለት በሁለት መስመር ተቆራርጦ፣ አንዲት ሥራ ለመረዳት ስንት ፋይል ያስከፍታል። ሁለተኛው ንጹሕ ይመስላል። ለእኔ ግን የመጀመሪያውን ማስተካከል ይቀለኛል።

«ከተደጋገመ ፈንክሽን አድርገው» ተብላችሁ ተምራችኋል። ምክሩ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1949 ካምብሪጅ ውስጥ ሥራ የጀመረው ኢድሳክ የተባለ ኮምፒውተር ሚሞሪው በጣም ጠባብ ነበር። ዴቪድ ዊለርና ባልደረቦቹ በየፕሮግራሙ የሚያስፈልጉ ስሌቶችን ለይተው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ አስቀመጡ። የፈለገ ሰው ወስዶ ይጠቀምበታል። ዛሬ ግን መደጋገሙ ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ደመወዝ የሚያሰላ ፕሮግራም እየጻፋችሁ ነው እንበል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው። የሠራተኞቹ የቁጠባ ማኅበርም 7 በመቶ ይቆርጣል። ሁለቱ መስመሮች ቁርጥ አንድ ናቸው፤ እጃችሁ አንድ ላይ ሊያደርጋቸው ይቸኩላል። ተዉ! ጡረታውን የሚቀይረው አዋጅ ነው። ቁጠባውን የሚቀይረው የአባላቱ ስብሰባ ነው። ማኅበሩ ነገ 10 በመቶ ቢል፣ ፈንክሽኑ ጡረታውንም ይዞት ይሄዳል። ያን ለመከላከል ውስጡ «ጡረታ ከሆነ እንዲህ፣ ቁጠባ ከሆነ እንዲያ» መጨመር ትጀምራላችሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም፤ ሁሉም ይፈራዋል።

እ.ኤ.አ. በ1972 የሶፍትዌር ምሁሩ ዴቪድ ፓርናስ ያሳሰበው ይህንኑ ነው። ፕሮግራምን ስትከፋፍሉ፣ ሊለወጥ የሚችለውን ውሳኔ ለብቻው ደብቁት።

አንድ ቦታ ብቻ ቢጠራም ለብቻው ፈንክሽን ሆኖ መውጣት ያለበት ደግሞ አለ። ጳጉሜን ተመልከቱ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ 6 ቀን ናት፤ አለዚያ 5። አያቶቻችን ዘመነ ሉቃስን ቆጥረው የሚያውቁት ነው። ይህ ስሌት በደመወዙ ኮድ መሀል ተወሽቆ ሳገኘው ያሳዝነኛል። የራሱ ስም አለው። ስለ ደመወዝ የሚያነብ ሰው ስሌቱን ሳያይ ማለፍ ይችላል።

ስም ስትፈልጉለት «አስልቶ መዝግቦ የሚልክ» ዓይነት ከመጣባችሁ ግን ሥራው ገና አልተለየም። ባለበት ተዉትና ቀጥሉ።

የጳጉሜው እንኳ ዛሬውኑ ይውጣ። ዳታቤዝም ሠራተኛም ሳያስፈልግ ትፈትኑታላችሁ፦ 2015ን ስጡት፣ 6 ይመልስ፤ 2016ን ስጡት፣ 5 ይመልስ።