ለሶላር ፕሮጀክት በጀት የያዘ ድርጅት ከየት ይጀምር?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ድርጅታችሁ ለማኅበራዊ ኃላፊነት በጀት ይዟል፤ መብራት ላልደረሰው ቀበሌ የሶላር ፋኖስ አድሉ፣ ለሥራ አጦችም ሥራ ፍጠሩ ተብላችኋል፤ ከየት እንጀምር ነው ያልሽው። እኔ የሶላር ተከላና ጥገና ባለሙያ ነኝ፣ ቴክኒሻኖችም አሠለጥናለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ከማደል አትጀምሩ። አንድ ጊዜ ለሌላ ሥራ በሄድኩበት ቀበሌ፣ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በማዳበሪያ ጆንያ የታጨቀ ፋኖስ አሳዩኝ። አንድ ኩባንያ በነጻ ያደለው ነው። የተወሰኑትን ፈትቼ አየኋቸው፤ ፓነሉ ደህና፣ አምፖሉ ደህና፣ ባትሪው ብቻ አብጦ ሞቷል። ያ ባትሪ በወረዳው ከተማ አይሸጥም፣ የሚቀይርም ሰው የለም። ከሁሉ የቆጨኝ ደግሞ እዚያው ገበያ ፋኖስ በዱቤ ይሸጥ የነበረው ልጅ ነው። ነጻው ሲመጣ ዱቤውን የሚከፍለው አጥቶ ሱቁን ዘጋ።

እዚሁ አገራችን ውስጥ በደንብ ልታጠኑት የሚገባ ሥራ አለ፤ ሶማሌ ክልል፣ ዶሎ አዶ። በተለይ በ2011 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው ሶማሊያውያን የጎረፉት እዚያ ነው፤ ካምፖቹም ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂለወይንና ቡራሚኖ ናቸው። የስዊድኑ የቤት ዕቃ መደብር የአይኪያ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ አይኪያ ፋውንዴሽን፣ ከተመድ የስደተኞች ኮሚሽን ጋር ሆኖ ብዙ ገንዘብ አፍስሶበታል፤ ከፊሉ መደብሮቹ ከሸጡት እያንዳንዱ ኤልኢዲ አምፖል 1 ዩሮ እየተነሳ የተገኘ ነው። መጀመሪያ ላይ የመንገድ መብራትና ፋኖስ ነበር። እኔ የማደንቀው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው፤ ስደተኛውና የአካባቢው ነዋሪ አብረው አባል የሆኑባቸው የኃይል ኅብረት ሥራ ማኅበራት። አባላቱ ተከላና ጥገና ተምረዋል፣ ዕቃ ይሸጣሉ፣ ከሥራቸውም ገቢ ያገኛሉ። ማገዶ ፍለጋ ጫካ እየገቡ ጥቃት ይደርስባቸው የነበሩ ሴቶች ጉዳይም አልተረሳም፤ የግጦሽ መሬቱን የወረረውን ፕሮሶፒስ የተባለ መጤ እሾሃማ ዛፍ እየቆረጡ ማገዶና ብሪኬት (ተጠቅጥቆ የተሠራ) ከሰል የሚያደርጉ ማኅበራት ተቋቁመዋል።

ይህን ስልሽ ግን ለአለቆችሽ ብዙ ቃል እንዳትገቢ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዶሎ አዶን ሥራ ሲገመግሙ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ፈሶም አብዛኛው ስደተኛ ከእርዳታ አልወጣም ነበር። ሶላር ራሱ ብዙ ሰው አይቀጥርም። ዮርዳኖስ ውስጥ አዝራቅ ካምፕ በ2017 የተተከለው 2 ሜጋ ዋት ጣቢያ ስደተኞችን በግንባታው አሠርቷል፤ ግንባታ ግን ያልቃል። ብዙ እንጀራ ያለው ኃይሉ በሚያንቀሳቅሰው ሥራ ላይ ነው፤ የመስኖ ፓምፕ፣ ወፍጮ፣ ፀጉር ቤት፣ የወተት ማቀዝቀዣ። በጀታችሁ አነስተኛ ከሆነ መቶ ቤት ፋኖስ ከመስጠት አንድ የመስኖ ፓምፕ ለአንድ የሴቶች ማኅበር ብታቆሙ እመርጣለሁ።

ለቤት መብራት ከሆነ ግን ዕቃው የቬራሶል (የሶላር ዕቃዎችን ጥራት የሚያረጋግጥ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ነው) የጥራት ማረጋገጫ ያለው ይሁን። ከገንዘቡ ላይ ለመለዋወጫ የሚሆን ተዘዋዋሪ ፈንድ (ወጥቶ በክፍያ እየተመለሰ ደግሞ የሚሠራ ገንዘብ) ለብቻው አስቀምጡ፤ ባትሪው እስኪሞት አትጠብቁ። ማኅበሩ በወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ሕጋዊ ይሁን፣ የባንክ ሒሳብም በራሱ ስም ይክፈት። ቤተሰቡ ለላምባና ለባትሪ ድንጋይ ያወጣው የነበረውን ያህል በየወሩ፣ ወይም ምርት ሲሰበሰብ ይክፈል። መክፈል ለማይችሉት የእናንተ ድርጅት ለማኅበሩ ይክፈልላቸው፤ ዕቃው ገበያው ላይ በነጻ አይታደል።

ሥልጠናውን በሁለትና ሦስት ሳምንት ጨርሳችሁ ሰርተፍኬት ሰጥታችሁ አትመለሱ። ቴክኒሻን የሚፈተነው ክረምት ላይ ነው፤ ፀሐይ ሲያንስ ሰው ባትሪውን እስከ መጨረሻ ያሟጥጣል፣ ብልሽቱም ያኔ ይመጣል። ክረምቱን አብሯቸው የሚቆይ ልምድ ያለው ሰው ቅጠሩ። ስትመርጡም ልጆች ያሏቸውን እናቶች አትለፉ። ወጣቶቹ ሙያውን ሲይዙ ከተማ ይሄዳሉ፣ አይፈረድባቸውም። እናቶቹ ግን ይቆያሉ፤ ባል በሌለበት ቤት ገብተው ለመጠገንም ለእነሱ ይቀላል። ማንበብ አይችሉም ብላችሁ እንዳትተዉአቸው፤ ሕንድ ራጃስታን ያለው ቤርፉት ኮሌጅ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችንና አያቶችን በቀለም ምልክት እያስተማረ የሶላር ባለሙያ ያደርጋል።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ግን መብራት ኃይል ለቀበሌው መስመር ለመዘርጋት ዕቅድ እንዳለው በጽሑፍ ጠይቁ። መስመሩ በቅርቡ የሚደርስ ከሆነ ገንዘቡን ወደ ወፍጮና ፓምፕ ማዞር ይሻላል። መልሱን ስታገኙ ወረዳውን እዚህ ጻፊልን፤ አካባቢውን የሚያውቅ አባል አይጠፋም።