የሰኔው ፊርማ ለመስከረሙ አይበቃም

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። የአጎቴ ልጅ አሜሪካ በሚሠራበት የሒሳብ ቢሮ በኩል የአንዲት ትንሽ የገጠር ስልክና ኢንተርኔት ኩባንያ መዝገብ ከዚህ ሆኜ እይዛለሁ። ኩባንያዋ የመንግሥት ድጎማ ታገኛለች። በሰኔ ፎርም 481ን አዘጋጅቼ ኃላፊው ፈርመውበታል። አሁን ደግሞ የኦክቶበር 1 ማረጋገጫ ይቀራል ተባልኩ፤ ጥቅምት 1 ብዬ ይዤዋለሁ። ያው ማረጋገጫ አይደለም እንዴ? ብናዘገየውስ ምን ይደርሳል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ማስታወሻዎን ያርሙ። ኦክቶበር 1 በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ማግስት ደግሞ መስከረም 20 ይሆናል። ጥቅምት 1ን ከጠበቁ ቢያንስ 10 ቀን ዘግይተዋል፤ ቅጣቱም ከባድ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።

ሁለቱ ሰነዶች አንድ አይደሉም። ፎርም 481 የኩባንያዋ ዓመታዊ ሪፖርት ነው። እስከ ጁላይ 1 ማለትም እስከ ሰኔ 24፣ የድጎማውን ገንዘብ ኤፍሲሲን (የአሜሪካን ፌዴራል የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ወክሎ ለሚያስተዳድረው፣ ዩሳክ ለተባለው ድርጅት በኢንተርኔት ይገባል። የመስከረሙ ግን የክፍለ ግዛቱ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የቴሌኮም ሕግ ድጎማው ለታለመለት አገልግሎትና መሣሪያ አቅርቦት፣ ጥገናና ማሻሻያ ብቻ እንዲውል ያዛል። ይህ መፈጸሙን የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ለኤፍሲሲና ለዩሳክ በየዓመቱ በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ ደንቡ 54.314 ይባላል። ኩባንያዋ በክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ሥር ካልሆነች፣ ኃላፊው ራሳቸው ቃለ መሐላ ፈርመው ለሁለቱም ይልካሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማነው የሚያረጋግጥልን?» ብለው ነው። ኮሚሽኑ ከሆነ እናንተ መረጃውን ቀድማችሁ ታቀርባላችሁ፤ ኮሚሽኑም ከኦክቶበር 1 በፊት የራሱን ቀን ሊቆርጥ ይችላልና ያንን ቀን ይወቁ። የሚያሳዝነው፣ ኮሚሽኑ ቢዘገይም ገንዘቡ የሚቀነሰው ከኩባንያዋ ነው። ደብዳቤው መላኩን በጥሪም በኢሜይልም ማጣራት የእናንተ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ዓመቱን ነው። ማረጋገጫው የሚናገረው ስላለፈው ዓመትና ስለሚመጣው ዓመት ነው፤ ሰነዱ የሚገባበት ዓመት መሃል ላይ ይዘለላል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2026 የሚገባው ማረጋገጫ ገንዘቡ በ2025 በአግባቡ እንደዋለ፣ በ2027ም እንደሚውል ይላል። ዓመቱም ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። የእኛ የበጀት ዓመትም፣ ሴፕቴምበር 30 የሚዘጋው የአሜሪካ መንግሥት በጀትም እዚህ ቦታ የለውም።

ቀጥሎ የሚያሰናክለው ኮዱ ነው። እያንዳንዱ የአገልግሎት ክልል ባለ 6 አሃዝ ኮድ አለው። ድጎማው የሚሰላው በኮዱ ስለሆነ፣ አንድ ኩባንያ 3 ክልል ይዞ በደብዳቤው ላይ 2 ብቻ ከተጻፈ ሦስተኛው እንዳልተረጋገጠ ይቆጠራል። ኩባንያዋ ስም ቀይራ ከሆነም አዲሱ ስም ከኮዱ ጋር መገናኘቱን ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ያመሳክሩ።

ወደ ቅጣቱ እንምጣ። እስከ 7 ቀን ለዘገየ የ7 ቀን ድጎማ ይቀነሳል፤ የዘገየው አንድ ቀን ቢሆንም ያው ነው። በዓመት 365,000 ዶላር የምታገኝ ኩባንያ በቀን 1,000 ዶላር ስለሚደርሳት 7,000 ዶላር ታጣለች ማለት ነው። ከ8ኛው ቀን ጀምሮ በ7ቱ ላይ የመዘግየቱ ቀን እየታሰበ ይጨመራል። ከኦክቶበር 5 በፊት የገባ ማረጋገጫ ምሕረት ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ ግን ኩባንያዋም እህት ድርጅቶቿም ከዚህ ቀደም ቀኑን አሳልፈው የማያውቁ ከሆነ ነው። አንዴ ብቻ የሚገኝ ዕድል ስለሆነ ለእውነተኛ ችግር ያቆዩት።

አዳማ ሆነው ሲሠሩ ደግሞ ሰዓቱን ያስቡበት። በዚያ ወቅት የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ነው። እዚያ ቢሮ የሚከፈተው እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የሚዘጋው ሌሊት 6 ሰዓት ነው። መስቀል ከኦክቶበር 1 በ3 ወይም በ4 ቀን ቀድሞ ይውላል፤ ስለዚህ ረቂቁን ከደመራ በፊት ለኃላፊው ያድርሱ። የሰኔ 24ቱም እዚህ የበጀት መዝጊያ ጥድፊያ ላይ ስለሚወድቅ እስከ ግንቦት መጨረሻ ቢጀምሩት ይሻላል። ፎርም 481 ላይ የእርስዎ ሥራ መሙላት ነው፤ በራሳቸው መግቢያ ገብተው የሚያረጋግጡት ኃላፊው ናቸው። እሳቸው እስኪያረጋግጡ ድረስ ፎርሙ እንዳልገባ ነው፣ የቱንም ያህል ተሟልቶ ቢቀመጥ።

ጥያቄ፦ እኔም ከአዳማ እንዲህ ያለ መዝገብ እይዛለሁ። ከወጪዎቹ መካከል ለተማሪዎች የተሰጠ የትምህርት ድጋፍና የክለብ አባልነት ክፍያ አገኘሁ። ኃላፊው «ትንሽ ነው፣ ይለፍ» ይላሉ።

መልስ፦ አይለፍ። ኤፍሲሲ ከድጎማው እንዳይወጡ በስም ከዘረዘራቸው መካከል የትምህርት ድጋፍ፣ የማኅበራዊ ክለብ አባልነት፣ የፖለቲካና የበጎ አድራጎት መዋጮ፣ መዝናኛና መቀጮ ይገኙበታል። ኩባንያው ከትርፉ ሊከፍላቸው ይችላል፤ ድጎማው ከሚሰላበት ወጪ ውስጥ ግን መግባት የለባቸውም። አሁኑኑ ለብቻ ሒሳብ ይክፈቱላቸውና ያዛውሯቸው፤ የተዛወረበትንም ማስረጃ ይያዙ። ሰነዱ 10 ዓመት መቀመጥ አለበት፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው የእያንዳንዱን ወጪ ደረሰኝ ነው። ኃላፊው የሚፈርሙት እያንዳንዱ ወጪ ለታለመለት መዋሉን ነውና፣ ከመፈረማቸው በፊት የተስተካከለውን ሒሳብ ገጽ በገጽ ያሳዩአቸው።