መልስ፦ ከሥሩ «ኒፖን» የሚል የአበባ ማስቀመጫ ስንት ያወጣል?
እህቴ ፎቶውን አየሁት፣ ኒፖን የሚለው ማህተም ራሱ ብዙ ይናገራል፣ አሜሪካ በፈረንጆቹ ከ1891 ጀምሮ የሚገባው ዕቃ ላይ የተሠራበት አገር ይጻፍበት ስላለች ጃፓኖቹ ኒፖን (በቋንቋቸው ጃፓን ማለት ነው) እያሉ ይጽፉ ነበር፣ ከ1921 በኋላ ግን ጃፓን በሉ ተባሉ። ያንቺ በዛ መሃል ነው የተሠራው፣ ማህተሙ ፎርጅድ ካልሆነ ማለቴ ነው፣ ፎርጅዱ ደሞ ሞልቷል። ሻጩ «የ300 ዓመት ሳትሱማ ነው» ያለሽን እርሺው ሃሃ፣ ሳትሱማ የሚባለው የጃፓን ሸክላ ላዩ ክሬም መልክ ሆኖ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅጥቅ አለው፣ ያንቺ ግን ነጭ ፖርሲሊን ነው። ዋጋውን የሚወስነው በዋናነት ሥዕሉ ነው፣ በማጉያ መነፅር እዪው፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ ብቻ ከታየሽ የእጅ ሥራ ሳይሆን የታተመ ነው። ኢቤይ (የኢንተርኔት መገበያያው) ላይ ደሞ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ተመልከቺ። በስፖንጅ እንዳትፈትጊው ብቻ፣ የወርቅ ቅቡ ካለው ይለቃል።