የኤሌክትሪክ ምትንና ሕዋስን ለምታጠኑ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቤተ ሙከራ ሕዋስን በኤሌክትሪክ ምት፣ ማለትም ለቅጽበት በሚሰጥ ኤሌክትሪክ፣ የመክፈት ሥራ የጀመራችሁ ብዙዎቻችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ «ስንት ቮልት ልስጥ?» ብላችሁ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ሕዋሱን የሚነካው በመሣሪያው ላይ የተመለከተው ቁጥር ሳይሆን በገዛ ሽፋኑ ላይ ያረፈው ቮልቴጅና የቆየበት ጊዜ ነውና።

የሕዋስ ሽፋን 5 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የቅባት ንብርብር ነው። ይህን ያህል ስስ በመሆኑ ግማሽ ቮልት ሲያርፍበት በውስጡ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ በሜትር 100 ሚሊዮን ቮልት ይደርሳል፤ በዚህ ጊዜ ውሃ በቅባት ሞለኪውሎቹ መካከል ሰርጎ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይከፍታል። ኤሌክትሮፖሬሽን የምንለው ይህንን ነው። ኤበርሃርድ ኖይማንና ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ ዘረመል ወደ አይጥ ሕዋሳት ማስገባታቸውን ካሳወቁ ወዲህ ዘዴው በየቤተ ሙከራው ተለምዷል።

ክብ በሆነ ሕዋስ ላይ፣ ወደ ኤሌክትሮዶቹ (ምቱን ወደሚያደርሱት ብረቶች) በዞረው ጫፍ የሚያርፈው ቮልቴጅ የሚገኘው የመስኩን ጥንካሬ በሕዋሱ ራዲየስ፣ ውጤቱን ደግሞ በ1.5 በማባዛት ነው። ይህችን ስሌት በእጃችሁ ሥሯት። ራዲየሱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ሕዋስ በሴንቲሜትር 1000 ቮልት ሲደርሰው በሽፋኑ ላይ 1.5 ቮልት ያርፍበታል፤ ራዲየሱ ከ1 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ባክቴሪያ ግን ለዚሁ ውጤት አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ የበረታ መስክ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአንዱ ሕዋስ የተዘጋጀውን መመሪያ ለሌላው እንዳለ አትገልብጡ።

ስሌቱ የሚሠራው ግን በሽፋኑ ላይ ቻርጅ እስኪጠራቀም ድረስ ምቱ ከቆየ ብቻ ነው። ምቱ እጅግ አጭር፣ ለምሳሌ 10 ናኖሰከንድ ከሆነ፣ የውጪው ሽፋን መስኩን ለመከለል ጊዜ ስለማያገኝ መስኩ ወደ ውስጥ ይዘልቅና በሕዋሱ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች፣ የኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምንና የማይቶኮንድሪያን ሽፋኖች ይነካል። በሴንቲሜትር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያላቸው እንዲህ ያሉ ምቶች በሕዋሱ ውስጥ የተከማቸውን ካልሲየም ያስለቅቃሉ፤ በውጪው ሽፋን ላይ የሚከፍቱት ቀዳዳ ግን ከጥበቱ የተነሣ ፕሮፒዲየም አዮዳይድን (ሽፋኑ የተከፈተን ሕዋስ ለመለየት የምንጠቀምበትን ቀለም) በቀላሉ ላያሳልፍ ይችላል። እንግዲህ ቀለሙ ስላልገባ ብቻ ሕዋሱ አልተነካም አትበሉ። ቀለም መግባቱም ሞት አይደለም፤ ሽፋኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጠገን ይችላል። በዚያው ሰዓት ደህና የመሰለው ሕዋስ ደግሞ በማግስቱ ሊሞት ስለሚችል፣ እባካችሁ በማግስቱም ቁጠሩ።

ይህ ጥንቃቄ ለበሽተኛ ይተርፋል። ብሊዮማይሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ጤናማ ሽፋንን አልፎ መግባት ስለሚቸግረው፣ ሐኪሞች እያንዳንዳቸው 100 ማይክሮሰከንድ የሚቆዩ 8 ምቶችን በዕጢው ላይ ያሳርፋሉ። የምቱ ርዝመትና ብዛት እዚያ የመድኃኒቱን መጠን ያህል የሚታሰብበት ነገር ነው።

ከኩቬቱ (ሕዋሳቱ ከነፈሳሻቸው ምቱን ከሚቀበሉበት ትንሽ ዕቃ) ጋር ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም ቮልቴጅ ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ፣ አገናኙና የምቱን ቅርጽ በዓይናችሁ እዩ፤ ምት ሰጪው መሣሪያ የተባለውን ሁልጊዜ አያደርስም። ጨው ሳይወገድለት የተረፈበት ዲኤንኤ በምቱ ጊዜ ብልጭታና የፍንዳታ ድምፅ ያመጣል፤ ያን ናሙና ጣሉት እንጂ ከውጤታችሁ አትደምሩት። በሥራ ደብተራችሁም ከቮልቱ ጎን የምቱን ርዝመት፣ ብዛት፣ በምቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ፣ የፈሳሹን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅምና ሙቀቱን ጻፉ፤ የኦሲሎስኮፑንም ሥዕል ከገጹ ጋር አያይዙ።